«ልጅ ማሳደግ ሊያስተምሩኝ ነው?»

የዛሬዋ ጠያቂያችን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ግን የራሴ ጉዳይ ሆኖብኝ ነው የምጽፈው። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ሥራ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሉን።

ከሁለት ወር በፊት ልጄ የቤት ሥራውን ሳይሠራ ሠርቻለሁ ብሎ ዋሸኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቼ ገብቼ ገና ጋደም እንዳልኩ አስተማሪዋ ደውላ ነገረችኝ። ማታ ሲመጣ ጠየቅሁት፤ ደግሞ ዋሸኝ። እጄ ላይ የስልክ ቻርጀር ገመድ ነበር። በሱ መታሁት። ክንዱ ላይ ሰንበር ወጣ። በማግስቱ የስፖርት አስተማሪው አየበት። ከሰዓት በኋላ ሲፒኤስ (የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ቤቴ መጣ።

አሁን ሁለቱም ልጆቼ ዉድብሪጅ፣ የባለቤቴ እህት ዘንድ ናቸው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሮ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ እያየን እንገናኛለን። ፖሊስም አነጋግሮኛል፤ እስካሁን ክስ የለም። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ዳኛዋ 12 ሳምንት የሚፈጅ ፓረንቲንግ ክላስ (የወላጆች ሥልጠና) እንድንማር አዘዘች። ክላሱ ማክሰኞ ማታ ነው፤ እኔ ሥራ የምገባበት ሰዓት። ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ግማሹ አይገባኝም። ባለቤቴ ‹እኔ አልነካሁትም፣ ለምን ብዬ እሄዳለሁ?› ብሏል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ኢንተርኔት ላይ በአራት ሰዓት የሚያልቅ አለ፤ ከፍለሽ ሰርተፍኬቱን ያዥና ተገላገዪ› አለችኝ።

እናቴ ሞታ ታናናሾቼን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አሁን አንዲት ያልወለደች ልጅ፣ ልጅ ማሳደግ ልታስተምረኝ ነው? ክላሱ ብሄድስ ጥፋቴን አመንኩ ማለት አይሆንብኝም? ምን ይሻለኛል?

እናት ነኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ።»

እህቴ፣ አንቺ ስልሽ ቅር እንዳይልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሊቱን ስትሠሪ አድረሽ፣ እንቅልፍ ሳይዝሽ ስልኩ ሲጮህ ታየኝ። ልጁም ታየኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ክንዱን በእጅጌው ሸፍኖ ስፖርት ክፍል የገባው።

እኔ ለብዙ ዓመታት እንዳንቺ ላሉ ቤተሰቦች በቢሮም በፍርድ ቤትም አማርኛ ሳስተረጉም ኖሬያለሁ። ስለዚህ የምመክርሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ አጭሩን ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ከዚያ እናወራለን። ክላሱ ሂጂ። ያንን የአራት ሰዓት ሰርተፍኬት አትግዢ። ሰዓቱ እንዲቀየርልሽና አስተርጓሚ እንዲመደብልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ከሁሉም በፊት ግን ጠበቃሽን አነጋግሪ።

በጠበቃው ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው። የልጆችሽ ጉዳይ የሚታይበት ችሎት የወንጀል ችሎት አይደለም። ጥያቄው «ልጆቹ ቤታቸው ቢመለሱ ደህና ይሆናሉ ወይ?» ነው። ፖሊስ የያዘው ጉዳይ ግን ሌላ መንገድ ነው። ወደ ክስ ከሄደ ግሪን ካርድሽን ሊነካ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት በልጅ ላይ በተፈጸመ በደል በወንጀል መፈረድ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። «ትንሽ ነገር ነው፣ አምነሽ ቅጣቱን ከፍለሽ ውጪ» የሚልሽ ሰው ቢኖር፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሪ ምንም እንዳትፈርሚ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፓዲያ በሚባለው የኬንታኪ ጉዳይ ላይ፣ የወንጀል ጠበቃ ደንበኛው ጥፋቱን ሲያምን ከአገር መባረር ሊከተል እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ጠይቂ። መብትሽ ነው። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለሽ ፍርድ ቤቱ እንዲመድብልሽ አመልክቺ።

ክላስ መሄድ በራሱ ወንጀልን ማመን አይደለም። ዳኛ ያዘዘችውን መፈጸም ነው። ግን እዚያ የምትናገሪው ነገር ሊጻፍ፣ አልፎም ለኬዝ ወርከርሽ (ጉዳይሽን ለምትከታተለው ሠራተኛ) ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የዚያን ቀን ማታ የሆነውን ምን ያህል መናገር እንዳለብሽ አስቀድመሽ ጠበቃሽን ጠይቂ። ስለምትማሪው፣ ስለሚከብድሽ፣ ቤት ውስጥ ስለምትሞክሪው ነገር ግን በደንብ ማውራት ትችያለሽ።

አሁን ወደ ቁጭትሽ ልምጣ። «ልጅ ማሳደግ ልታስተምረኝ ነው?» ያልሽውን ከስንት እናት አፍ ሰምቻለሁ! እውነትም ታናናሾችሽን አሳድገሻል። ግን አስቢው። እዚያ ስታሳድጊ ብቻሽን ነበርሽ? አክስት ነበረች። ጎረቤት ነበረች። ልጁ ሲያስቸግር የሚገሥጽ የሰፈር አዛውንት ነበር። አንቺ ስትናደጂ «ተይ እስቲ፣ ልጅ ነው» ብላ እጅሽን የምትይዝ ሴት ነበረች። አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ውስጥ፣ ከሌሊት ፈረቃ በኋላ፣ ያንን ገመድ ከእጅሽ የሚቀበልሽ ማን ነበር? ማንም። ክላሱ የሚሰጥሽ የዚያችን ሴት ሥራ ነው። የተናደድሽበትን ደቂቃ እንዴት እንደምታልፊ ያሳይሻል። ይህን ደግሞ ከወለደችም ካልወለደችም መማር ይቻላል።

ቃላቱም ራሳቸው ይጎዳሉ፤ አውቃለሁ። እዚህ «አቢውዝ» የሚሉትን ስናስተረጉም «ጥቃት» ወይም «በደል» እንላለን። እናት ይህን ስትሰማ «ጠላት አሉኝ» ብላ ነው የምትረዳው። ፊቷ ወዲያው ሲዘጋ አየዋለሁ። ቃሉ ግን በሕጉ ውስጥ ሰፊ ነው። ልጁን የምትጠላ እናት ብቻ ሳትሆን የምትወደውና በንዴት ያቆሰለችውም ትገባበታለች።

ደግሞ ይህ የአሜሪካኖች አባዜ ብቻ እንዳይመስልሽ። የእኛው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ጽፏል። እኔም አንቺም በአለንጋ፣ በቁንጥጫ፣ በመንበርከክ ያለፍን ነን። ጎረቤታችን ልጁን በበርበሬ ሲያጥን ሰምቼ ጆሮዬን ይዤ የተቀመጥኩበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ መዋሸት አልተወም። ይልቅ በደንብ መዋሸት ተማረ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ወላጅ ቤቱ ውስጥ ልጁን መምታት ሙሉ በሙሉ አልተከለከለም፤ ሕጉ ከመጠን ያላለፈውን ይታገሣል። ሰንበር ሲወጣ፣ ገመድ ሲገባበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። አስተማሪው ዝም ማለት አይችልም ነበር። እንዲያመለክት ሕግ ያስገድደዋል። ስለዚህ በእሱ አትቀየሚ፤ ልጅሽ ነገ ደግሞ የሚውለው እሱ ዘንድ ነው።

ስለ ሰርተፍኬቱ። ጓደኛሽ ያለችሽ የአራት ሰዓት ኮርስ ምን እንደሆነ የምገምት ይመስለኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ በልጅ አሳዳጊነት ለሚካሰሱ ወላጆች ቢያንስ አራት ሰዓት የሚፈጅ ሴሚናር ሕጉ ያዛል። ያ ለፍቺና ለመለያየት የተዘጋጀ ነው። ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው። ገንዘብሽን ከፍለሽ ወረቀቱን ይዘሽ ብትሄጂ ኬዝ ወርከሯ «ይሄ አይደለም» ልትልሽ ትችላለች። ሌላ ማንኛውም ኮርስ ቢቀርብልሽ እንኳ ሳትከፍዪ በፊት «ይህን ትቀበላላችሁ?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። መልሱንም አስቀምጪ።

ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ግን አለኝ። ልጆችን ወደ ቤት የሚመልሰው ወረቀቱ አይደለም። አንድ አባት አስታውሳለሁ። ክላስ አንድ ቀን አልቀረም። የቁጣ መቆጣጠሪያውንም፣ ሌላውንም ጨርሷል። ሰርተፍኬቶቹን በፕላስቲክ ፋይል ይዞ ነበር የሚመጣው። ልጁን ሊያይ ሲገባ ግን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ልጁ ስዕል ይዞለት ሲመጣ «እሺ፣ ጎበዝ» ብሎ ሳያይ ይመልሰዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። አፍሮ ነበር፤ ሰው እያየው ከልጁ ጋር መጫወት አሳፈረው። ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ግን ስልኩ ነው። ዳኛው ያነበበውም እሱን ነው።

ስለዚህ ክላሱን ከቪዚቱ፣ ማለትም ቢሮ ውስጥ ልጆችሽን ከምታዪበት ጊዜ ጋር አያይዢው። ማክሰኞ የተማርሽውን በሚቀጥለው ቪዚት ላይ ልጆችሽ ፊት ሞክሪው። ይህ የእኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በ2008 ሲዲሲ የሚባለው የጤና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ስለ ወላጆች ሥልጠና የተሠሩ 77 ግምገማዎችን አንድ ላይ አይተው ነበር። የተሻለ ውጤት ካመጡት ነገሮች አንዱ ወላጅ በሥልጠናው ወቅት ከገዛ ልጁ ጋር መለማመዱ ሆኖ አገኙት። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ብቻውን ብዙ አይወስድም።

ፒሲአይቲ የሚባል ሥልጠና አለ። በ1970ዎቹ ሺላ አይበርግ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ የጀመሩት ነው። እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ይጫወታሉ። አሠልጣኟ ከመስተዋት ጀርባ ሆና በእናትየዋ ጆሮ በተሰካ ማዳመጫ ትመክራታለች። «አሁን አመስግኚው፤ አሁን ዝም በይ፤ አሁን በአጭሩ እዘዢው» ትላታለች። ኦክላሆማ ውስጥ ልጆቻቸውን መትተው በሲፒኤስ የተያዙ 110 ወላጆችን በዕጣ ከፋፍለው አጠኑ። የልጆቹ ዕድሜ ከ4 እስከ 12 ነበር። በ2004 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል። በግምት 850 ቀን ያህል ሲከታተሏቸው፣ የተለመደውን የቡድን ትምህርት ከወሰዱት 49 በመቶው እንደገና ልጅ በመምታት ተመልክቶባቸዋል። በዚህ መንገድ ከሠለጠኑት ግን 19 በመቶው ብቻ። የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ለአንዱ ቡድን በዚሁ ሥልጠና ላይ ሌሎች አገልግሎቶች ተጨመሩለት፤ የተሻለ ውጤት ግን አላመጣም። ዕቅድሽ ላይ አሥር ነገር ቢደረደር ሩጫው ይበዛብሻል እንጂ ልጅሽ የሚያየው ለውጥ በዚያው ልክ አይጨምርም። ኬዝ ወርከርሽን «ከልጄ ጋር ሆኜ የምለማመድበት ሥልጠና አካባቢያችን አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂያት። ለትንሿ ልጅሽ ደግሞ ሴፍኬር የሚባለው አለ። ቤት ድረስ እየመጡ ነው የሚያሠለጥኑት፤ ከውልደት እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች የተዘጋጀ ነው። ስለ ልጁ ጤና፣ ስለ ቤቱ ደህንነትና ስለ እናትና ልጅ አብሮ መሆን ያስተምራል። በ2018 የወጣው የፌዴራል ሕግ ልጅ ከቤት ሳይወጣ በፊትም ለእንዲህ ዓይነት ሥልጠና ገንዘብ እንዲውል ፈቅዷል። ለአንቺ ዘገየ። ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ግን ቤትሽ መጥቶ የሚያግዝሽ ሰው ቢኖር አትጠዪውም።

ክላሱ ውስጥ ምን ይሉሻል? ትንሽ ላሳይሽ፤ በእንግሊዝኛ ሲነገር ባዕድ የሚመስለው ነገር በአማርኛ ሲነገር ቅርብ ነው።

እኛ ልጅ ስናዝ የምንለውን አስቢ። «አርፈህ ተቀመጥ!» «ሰው ሁን!» «ሥርዓት ያዝ!» «ለምንድነው የማትሰማው?» «ቆይ ብቻ፣ አባትህ ይምጣ!» ከእነዚህ ውስጥ ልጁ አሁን በእጁና በእግሩ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው የትኛው ነው? አንዱም። «ሰው ሁን» የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከየት ይጀምር? «ለምንድነው የማትሰማው?» ጥያቄ ነው፤ ቢመልስ ደግሞ «ትመልስልኛለህ?» እንለዋለን። «አባትህ ይምጣ» ደግሞ አባትን ጭራቅ ያደርገዋል፤ አንቺን ደግሞ አቅም የሌለሽ። ክላሱ የሚልሽ ይህን ነው። አጠገቡ ሂጂ። ስሙን ጥሪ። አንድ ነገር ብቻ እዘዢ። «ቦርሳህን ክፈትና የሒሳብ ደብተርህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ።» ከዚያ ጠብቂ። ሲያደርገው ወዲያው ንገሪው። «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም፤ ምኑ ጎበዝ እንዳሰኘው ይስማ። «አንዴ ስነግርህ ደብተርህን ስላወጣህ ደስ አለኝ» በይው።

እኛ ምስጋና እንሰስታለን። «እንዳይኩራራ» እንላለን። ቡዳም እንፈራለን። ልጁን ለእንግዳ ስናወራለት «ይሄ ዕቃ አይረባም፣ ሰነፍ ነው» እያልን፣ ልባችን ግን በሱ የሞላ ነው። ልጅ ልብ አይገልጥም። የሚሰማውን ነው የሚያምነው።

ሌላው አምስት ደቂቃ ነው። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ጨዋታውን እሱ የሚመራበት። አንቺ አታዢም፣ አትጠይቂም፣ አታርሚም። የሚያደርገውን ብቻ እያየሽ ትናገሪያለሽ። «ቀዩን ከላይ አስቀመጥከው። አሁን ድልድይ ልትሠራ ነው።» መጀመሪያ ሞኝነት ይመስላል። ሁሉም እናት እንደዚያ ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ልጁ ራሱ «ጨዋታችን መቼ ነው?» ማለት ይጀምራል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ብሎኬት ካነሰበት ካርታ ይሁን፣ ስዕል ይሁን፣ ኳስ ይሁን። ቪዚት ላይ ይህን አድርጊ። የምታይሽ ሴትዮ ስትጽፍ ብታያትም አትደንግጪ። የምትፈልጊው እንዲጻፍልሽ ነው።

ውሸቱንስ? መጀመሪያ የሚረዳው ወጥመድ አለማስቀመጥ ነው። አስተማሪዋ ነግራሽ እያወቅሽ «የቤት ሥራህን ሠርተሃል?» ብለሽ አትጠይቂው። ስትጠይቂው ለሁለተኛ ውሸት በር ከፈትሽለት። «የቤት ሥራው እንዳልተሠራ አስተማሪህ ነግራኛለች። አሁን እንቀመጥና እንሥራው። ዛሬ ታብሌት የለም፤ ነገ እንደገና ይኖርሃል» በይው። አለቀ። ቅጣቱ አጭር ነው፤ ነገ ሌላ ቀን ነው። ለአንድ ወር ታብሌት ከከለከልሽው አንቺም አትችዪውም፣ እሱም የሚያጣው ስለማይቀረው ግድ አይሰጠውም። ንዴቱ እላይሽ ላይ ሲወጣ ደግሞ አንቺ ነሽ ከክፍሉ የምትወጪው። መታጠቢያ ቤት ግቢ፣ ፊትሽን ታጠቢ። የቤት ሥራው አሥር ደቂቃ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ሰዓቱና ወደ ቋንቋው። ዝም ብለሽ ከቀረሽ «አልተባበርም አለች» ተብሎ ይጻፋል። ምክንያትሽን ማንም አይገምትልሽም። ስለዚህ ዛሬውኑ ለኬዝ ወርከርሽ ጻፊ፤ ለጠበቃሽም ግልባጩን ላኪ። የሥራ ፈረቃሽን አያይዢ። የቀን ክላስ ወይም ሌላ ቀን እንዲፈለግልሽ ጠይቂ። አሠሪሽም ለ12 ሳምንት ማክሰኞን ብቻ እንዲቀይርልሽ ጠይቂው፤ ምክንያቱን ዘርዝረሽ መንገር የለብሽም፤ «የፍርድ ቤት ቀጠሮ» ይበቃል።

አስተርጓሚ ደግሞ ልመና አይደለም። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶች ሰውን በመጣበት አገር ምክንያት እንዳያገልሉ ያዛል፤ በቋንቋው እንዲረዳ ማድረግም በዚህ ውስጥ ይገባል። ክፍያው የእነሱ ነው። ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ ውስጥማ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ልጅሽ እንዳያስተረጉምልሽ። ልጅ በገዛ ጉዳዩ መካከል አይገባም። የባለቤትሽ እህትም አታስተርጉም፤ ልጆቹ እሷ ዘንድ ናቸውና ለሁለታችሁም አይበጅም። «አስተርጓሚው አበሻ ነው፣ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል» ብለሽ ከፈራሽ የስልክ አስተርጓሚ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ሌላ ግዛት ያለ ሰው ነው። ቪዚት ላይ «በእንግሊዝኛ አውሪያቸው» ካሉሽም አስተርጓሚ ይገኝልን በይ። ትንሿ ልጅሽ የምታውቃት እናት አማርኛ የምታወራዋን ነው።

ሳይገባሽ ምንም ነገር አትፈርሚ። «እሺ፣ እሺ» እያልን ራሳችንን የምንነቀንቀው ነገር ብዙ ሰው ጎድቷል። ለእኛ አክብሮት ነው። እነሱ ግን «ገብቷታል፣ ተስማምታለች» ብለው ይጽፉታል።

ባለቤትሽን ይህችን ክፍል አስነብቢው። ወንድሜ፣ አልመታኸውም። ግን ልጆቹ የሚመለሱት ወደ አንተም ቤት ነው። ዳኛዋ ስለ አንተ የምትጠይቀው ሌላ ነው፤ እናትየው ስትናደድ አንተ ምን ታደርጋለህ? «እኔ አያገባኝም» ካልካት መልሱን ነገርካት። ደግሞስ ሚስትህ ሌሊት ሠርታ ስትገባ ጠዋት ስልኩን አንተ ብታነሳው ኖሮስ? ልወቅስህ አይደለም። ሁለታችሁ አብራችሁ ብትማሩ ልጁ ቤት ውስጥ ሁለት ሕግ አያገኝም። ኡበር ሰዓቱን አንተ የምትመርጠው ሥራ ነው። ማክሰኞ ማታ አፕሊኬሽኑን ዝጋው።

ጊዜው ይቆጠራል፤ ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ ይጸጽተኛል። በ1997 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ልጅ ካለፉት 22 ወራት ውስጥ 15ቱን ፎስተር ኬር (መንግሥት ባዘጋጀው ጊዜያዊ አሳዳጊ ዘንድ) ከቆየ፣ ግዛቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ እንዲያመለክት ያዛል። ልጅ ዘመድ ዘንድ ሲሆን ወይም መሥሪያ ቤቱ ማቅረብ የነበረበትን አገልግሎት ካላቀረበ ሕጉ የተለየ መንገድ ይተዋል። ልጆችሽ አክስታቸው ዘንድ ያሉት በምን ዓይነት ትዕዛዝ እንደሆነ፣ ወራቱ ይቆጠሩብሽ አይቆጠሩብሽ እንደሆነ ጠበቃሽ ይንገርሽ። ላስፈራራሽ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ሳይቀርብ የወላጅ መብት እንዳይቋረጥ ወስኗል። አንቺ ደግሞ ገና ሁለት ወርሽ ነው። ግን «ሰዓቱ አልተመቸኝም» እየተባለ ስድስት ወር እንዴት እንደሚያልፍ አይቻለሁ። ደብተር ግዢ። የሄድሽበትን ክላስ፣ የገባሽበትን ቪዚት፣ የደወልሽለትን ሰው ቀኑን ጻፊ። የተሰረዘ ቪዚት ካለ ማን እንደሰረዘው ጻፊ።

ቪዚት ላይ ስለ ጉዳዩ አታውሪ። «በሚቀጥለው ሳምንት ቤት ትገባላችሁ» ብለሽ ቃል አትግቢ፤ ቀኑን የምትወስነው አንቺ አይደለሽም፤ ካልሆነ ደግሞ ልጆቹ የሚያዝኑት ባንቺ ነው። ምግብ ማምጣት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂና የሚወዱትን ያዢላቸው። ትንሿ ስትለያችሁ ካለቀሰች አብረሻት አትነፍርቂ። አንድ የመሰነባበቻ ነገር ይኑራችሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት። ሦስት ጊዜ ጉንጯን ሳሚያትና «ሐሙስ እንገናኛለን» በያት። ሐሙስ ተገኚ።

የመጨረሻው ለልጅሽ ነው። ይቅርታ ጠይቂው። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ በአገራችን አልለመድንም፤ ክብሯ የሚወርድ ይመስለናል። መቼና እንዴት እንደሆነ ጠበቃሽንም አማካሪዋንም ጠይቂ፤ ፈቃዳቸውን ሳታገኚ አትጀምሪ። ጊዜው ሲደርስ አጭር ይሁን። «መታሁህ። ያ ትክክል አልነበረም። አስተማሪህ ስላየብህ አልተቀየምኩህም። ስናደድ ሌላ ነገር ማድረግ እየተማርኩ ነው።» ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትዘልያት። አሁን ልጅሽ አክስቱ ቤት ተኝቶ የሚያስበው «ይህ ሁሉ የመጣው በኔ ነው» ብሎ ነው። «ግን አንተም ዋሽተህ» የሚለውን ደግሞ አትጨምሪበት። እሱ ሌላ ቀን፣ በቤት ሥራው ሰዓት ይነሳል።

የክላሱ ሰዓት ተቀይሮልሽ እንደሆነ ጻፊልኝ። አስተርጓሚ ከከለከሉሽም ጻፊልኝ። ለጠበቃሽ የምትሰጪውን ደብዳቤ አብረን እናዘጋጃለን።